የአያት ሞተር ምን ይጠጣል? ለድሮ የሞዴል አውሮፕላን ሞተሮች ነዳጅና ዘይት አመራረጥ

ከእንቁላል ብዙም የማይበልጥ ሞተር ነው። አናቱ ላይ ሙቀት የሚያስወጡ ቀጫጭን ክንፎች፣ ከፊቱ ፕሮፔለር፣ ከጎኑ ደግሞ እንደ መርፌ የቀጠነች የነዳጅ መቆጣጠሪያ ብሎን አለችው። ውጭ አገር ተምሮ በተመለሰ አባት የዕቃ ሳጥን ሥር ሊገኝ ይችላል። አሜሪካ ያሉ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሄዱ አያትም ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤት ደጃፍ ላይ ከተዘረጋ አሮጌ ዕቃ መካከል በጥቂት ዶላር ገዝተው ለልጅ ልጃቸው ሊያመጡት ይችላሉ። ያን ጊዜ ከልጁ አፍ የሚወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይሠራል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ምን ይጠጣል?»

ከሁለቱ የሚከብደው ሁለተኛው ነው። አንዳንዱ እጁ የገባለትን ቤንዚን ከመኪና ዘይት ጋር ቀላቅሎ ይሞክራል። ሌላው ዘመናዊ የሞዴል ነዳጅ ከሱቅ ገዝቶ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሳያነብ ይሞላል። ሃምሳና ስልሳ ዓመት የኖረ ሞተር በዚህ ምክንያት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነክሶ ሊቀር ይችላል። ከዚህም የሚብስ አለ። የተሳሳተው ነዳጅ ሞተሩን ይገድላል፤ ትክክለኛው ነዳጅ ግን ካልተጠነቀቁለት ልጁን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ሞተሩን ከማስነሳት በፊት ሁለቱንም ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ነዳጅና ዘይት ለምን አብረው ይመረጣሉ?

ይህ ትንሽ ዕቃ ፒስተን፣ ሲሊንደር፣ ቢየላና ኮሎ ያለው ሙሉ ሞተር ነው። በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ይችላል። ነገር ግን እንደ መኪና ሞተር የዘይት ገንዳ የለውም። እንደ ድሮ ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክሎች፣ የሚቀባው ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ በሚገባው ዘይት ብቻ ነው። ዘይቱ ከነዳጁ ጋር በደንብ ካልተዋሃደ ወይም ካነሰ ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል። ለዚህ ነው ነዳጁንና ዘይቱን ለይቶ መምረጥ የማይቻለው፤ እያንዳንዱ ነዳጅ አብሮት የሚዋሃድ የራሱ ዘይት አለው።

መጀመሪያ ሞተሩን ይወቁ

የድሮ የሞዴል ሞተሮች በሦስት ወገን ይከፈላሉ። ወገኑን ለመለየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ የሞተሩን አናት ማየት ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

አናቱ ላይ እንደ መኪና ካንዴላ ያለ፣ ጫፉ ላይ ብልጭታ የሚዘልበት ክፍተት ያለው አነስተኛ ካንዴላ ካለ፣ ከፕሮፔለሩም ኋላ ፑንቲናና ወዲያ ወዲህ የሚል ዘንግ ከታየ፣ ሞተሩ ባለ ብልጭታ ነው። ይህ ከሁሉም የቀደመው ወገን ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የፊላዴልፊያው ወጣት ዊሊያም ብራውን የሠራው «ብራውን ጁኒየር» የዚህ ወገን ስመ ጥር ነው። እነዚህ ሞተሮች ባትሪና ኮይል ተሸክመው ነበር የሚበሩት።

አናቱ ላይ ያለው ካንዴላ አጭር ከሆነ፣ ከሥሩ ሲያዩትም የብልጭታ ክፍተት ሳይሆን እንደ ፀጉር የቀጠነ የተጠቀለለ ሽቦ ካለው፣ ባለ ግለት ሞተር ነው። ሽቦው ፕላቲኒየም አለበት። ሲነሳ በ1.5 ቮልት ባትሪ ይግላል፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ባትሪው ይነቀላል፤ ሽቦው ግን ከነዳጁ በሚያገኘው ሙቀት እንደጋለ ይቆያል። ይህን ካንዴላ እ.ኤ.አ. በ1947 አሜሪካዊው ሬይ አርደን ለገበያ ካቀረበ በኋላ ባትሪና ኮይል ተሸክሞ መብረር ቀረ። ዛሬ በአሮጌ ዕቃ መካከል ከሚገኙት አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ናቸው። የካሊፎርኒያው «ኮክስ»፣ የአርካንሶው «ፎክስ»፣ «መኮይ»፣ የጃፓኖቹ «ኦ.ኤስ.» እና «ኤንያ» የሚጠቀሱ ስሞች ናቸው።

አናቱ ላይ ምንም ካንዴላ ከሌለ፣ በምትኩ በጣት የሚዞር ዘንግ ያለው ብሎን ካለ፣ ሞተሩ ዲዝል ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ አየሩ ይበልጥ ይታመቃል፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለውም በዚያ የመታመቅ ሙቀት ነው። ይህ ወገን ከ1940ዎቹ ጀምሮ በአውሮፓ ተስፋፋ። የእንግሊዞቹ «ሚልስ» እና «ፒ.ኤ.ደብሊው» ይታወቃሉ። በሶቪየት ኅብረት የተሠሩት «ኤም.ኬ. 16» እና «ኤም.ኬ. 12 ቪ»ም ዲዝሎች ናቸው። በዚያ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን እዚያ ተምረዋልና፣ የአባቱን ሳጥን የሚከፍት ቤተሰብ ይህን ዓይነቱን ቢያገኝ አይገርምም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ከ1947 በኋላ አንዳንድ ሰዎች የባለ ብልጭታ ሞተራቸውን ካንዴላ አውጥተው በግለት ካንዴላ ተክተውታል። ስለዚህ አጭር ካንዴላ ቢያዩም ፑንቲናው ወይም የፑንቲናው መቀመጫ መኖሩን ይፈልጉ። ካለ፣ ሞተሩ ሲፈጠር ለቤንዚን የተሠራ ነው።

ለባለ ብልጭታው፦ ቤንዚንና ወፍራም ዘይት

ባለ ብልጭታ ሞተር የሚጠጣው ቤንዚን ነው። የድሮው የታወቀ ልክ ሦስት እጅ ቤንዚን ለአንድ እጅ ዘይት ነው። 600 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ቢወስዱ 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ይጨምራሉ ማለት ነው። ዘይቱ ከማዕድን ዘይት የሚወጣ፣ ውፍረቱ ኤስ.ኤ.ኢ. 60 ወይም 70 የሆነ፣ የተለያዩ ኬሚካሎች ያልተጨመሩበት ቢሆን ይመረጣል። ለሣር ማጨጃና ለዛፍ መቁረጫ መጋዝ የሚሸጠው ዘመናዊ ዘይት አንድ እጁ ለ50 እጅ ቤንዚን እንዲበቃ ተደርጎ ነው የተሠራው። በዚያ ልክ ቀላቅሎ ኩሽኔታ በሌለው፣ ኮሎው በቡሽ ላይ በሚዞር አሮጌ ሞተር ውስጥ መጨመር ሞተሩን ያለ ዘይት እንደ ማስነሳት ነው።

ለእነዚህ ሞተሮች ሁለት ነገር ክልክል ነው። አንደኛው በሜታኖል የተሠራ የግለት ሞተር ነዳጅ ነው። ያ ነዳጅ የድሮ ፕላስቲክ የነዳጅ ቋቶችን ይበላል፤ ለእንዲህ ያለ ኃይል ያልተሠራውን ቢየላና ኮሎም ያስጨንቃል። ሁለተኛው የጉሎ ዘይት ነው። የጉሎ ዘይት ከቤንዚን ጋር በደንብ አይዋሃድም።

እዚህ ላይ ስም የሚያሳስትበት ቦታ አለ። አሜሪካ ያለ ዘመድ በስልክ «ለአሮጌው ሞተር ነጭ ጋዝ ነው የሚደረገው» ሊል ይችላል። የአሜሪካኖቹ ነጭ ጋዝ ለካምፕ ምድጃ የሚሸጥ፣ ምንም ያልተጨመረበት የጠራ ቤንዚን ነው። የእኛ ነጭ ጋዝ ግን ላምባ ነው። ላምባ በባለ ብልጭታ ሞተር ውስጥ አያስነሳም፤ በተቃራኒው ደግሞ የአሜሪካኑን ነጭ ጋዝ በላምባ ምድጃ ወይም ፋኖስ ውስጥ መጨመር ቤት ያቃጥላል። እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ስሙን ሳይሆን ዕቃውን ጠይቁ።

ለባለ ግለቱ፦ ሜታኖልና የጉሎ ዘይት

የግለት ካንዴላ የሚሠራው የፕላቲኒየሙ ሽቦ ከሜታኖል ጋር ሲገናኝ እየጋለ ስለሚቆይ ነው። በተራ ቤንዚን ሽቦው ግለቱን አይጠብቅም። በቤት ውስጥ የሚገኝ ሌላ አልኮልም አይተካውም፤ አረቄም ሆነ የቁስል ማጠቢያ አልኮል ውኃ አለበት፤ ግለቱንም እንደ ሜታኖል አያቆየውም። ስለዚህ ባለ ግለት ሞተር ነዳጁ ሜታኖል፣ ዘይትና ብዙውን ጊዜ ጥቂት ናይትሮሜቴን ነው።

የማዕድን ዘይት በሜታኖል ውስጥ አይሟሟም፤ ውኃና ዘይት እንደማይዋሃዱት ሁሉ ተለይቶ ይቀመጣል። የጉሎ ዘይት ግን ይሟሟል። ከቅባቱ 90 በመቶ ገደማ የሆነው ሪሲኖሌይክ አሲድ የሚባለው ክፍል ከሌሎች የምግብ ዘይቶች የተለየ ባሕርይ ስላለው ከአልኮል ጋር ይስማማል፤ ብረት ላይም ይጣበቃል። ጉሎ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ተመራማሪዎች የተክሉ መነሻ ኢትዮጵያን ጨምሮ የአፍሪካ ሰሜን ምሥራቅ ክፍል እንደሆነ ያምናሉ፤ ዛሬም በየጓሮውና በየመንገዱ ዳር ይበቅላል።

ይህ ዘይት በአውሮፕላን ታሪክ ውስጥም ትልቅ ቦታ አለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሞተራቸው ከፕሮፔለሩ ጋር አብሮ ይሽከረከር የነበሩ ተዋጊ አውሮፕላኖች የሚቀቡት በጉሎ ዘይት ነበር። ምክንያቱ ደግሞ በግለት ሞተር ከሚታየው ተቃራኒ ነው፤ በእነዚያ ሞተሮች ውስጥ ያልፍ የነበረው ቤንዚን የጉሎ ዘይትን አሟሞ ማጠብ አይችልም ነበር። በየነዳጅ ማደያው የምናየው «ካስትሮል» የሚለው ስምም የመጣው በእንግሊዝኛ ጉሎን ከሚጠራው ቃል ነው። ስሙ ግን አያሳስትዎ፤ ዛሬ ለመኪና የሚሸጠው የካስትሮል ዘይት የጉሎ ዘይት አይደለም፤ በሜታኖል ውስጥም አይገባም።

ዘመናዊ የሞዴል ነዳጅ ውስጥ ያለው ዘይት በአብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው። ንጹሕ ነው፣ ጥቀርሻ አያስቀርም፣ ለዘመናዊ ሞተር ይበቃል። ችግሩ ሞተሩ ነዳጅ ሲያንሰውና ከልክ በላይ ሲግል ነው። ያን ጊዜ ሰው ሠራሹ ዘይት ተቃጥሎ ይጠፋል፤ ብረቱም ራቁቱን ይቀራል። የጉሎ ዘይት ግን ሲግል ወፍሮ ብረቱ ላይ እንደ ቆዳ ይለጠፋል፤ ሞተሩን ከመንከስ ያድነዋል። ዋጋው የሚከፈለው በሌላ መንገድ ነው፤ በሲሊንደሩ ላይ እንደ ቫርኒሽ ያለ ቡናማ ሽፋን ይተዋል፤ ሞተሩ ተቀምጦ ሲከርምም ደርቆ እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል። ለድሮ ሞተር ግን ይህ ዋጋ የሚገባው ነው። ቆሻሻው ይጸዳል፤ የተበላ ፒስተን ግን አይመለስም።

ስንት በመቶ?

ቁጥሮቹ በይዘት መጠን (በሚሊ ሊትር) የተሰሉ ናቸው።

ፒስተኑ ብረት፣ ሲሊንደሩም ብረት ወይም አረብ ብረት የሆነ፣ ፋሻ የሌለው፣ ኮሎውም በቡሽ ላይ የሚዞር የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ሞተር ከ22 እስከ 25 በመቶ ዘይት ይፈልጋል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ ግማሹ የጉሎ ዘይት መሆን አለበት። ናይትሮሜቴኑ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይበቃዋል።

ከዚህ ወገን ከፍ ያለ ዘይት የሚጠይቀው «ፎክስ 35» ነው። በሽቦ እየተያዙ ለሚበሩ ትርኢት አውሮፕላኖች የተሠራው ይህ ሞተር 28 በመቶ ገደማ ዘይት፣ እሱም ሁሉም ወይም አብዛኛው ጉሎ፣ ናይትሮሜቴን ደግሞ 5 በመቶ ገደማ ሲሰጠው ነው ዕድሜው የሚረዝመው።

ትንሹ «ኮክስ 049» የራሱ ጠባይ አለው። ጠቅላላ ይዘቱ 0.8 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ቢየላው ከፒስተኑ ጋር የሚገናኘው በፒን ሳይሆን በክብ ኳስና በጎድጓዳ መቀመጫው ነው። ያ መገጣጠሚያ የጉሎ ዘይት ካጣ ቶሎ ይላላል። ለዚህ ሞተር ቢያንስ 20 በመቶ ዘይት፣ ከዚያም ግማሹ ጉሎ፣ ናይትሮሜቴኑም ከ10 እስከ 25 በመቶ ይመከራል። ትንንሽ ሞተሮች ናይትሮሜቴን ሲቀንስባቸው ለመነሳት ያስቸግራሉ።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተሠሩ፣ ኮሏቸው በኩሽኔታ ላይ የሚዞር፣ ፒስተናቸው አሉሚኒየም፣ ሲሊንደራቸው ደግሞ በክሮም የተለበጠ ናስ የሆኑ ሞተሮች ከ18 እስከ 20 በመቶ ዘይት ያላቸውን ዘመናዊ ነዳጆች ይቀበላሉ። ለእነዚህም ቢሆን ጥቂት ጉሎ መኖሩ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

ናይትሮሜቴን በውስጡ ኦክሲጅን ስላለው ሞተሩ ተጨማሪ ነዳጅ እንዲያቃጥል ያደርገዋል። ሲበዛ ግን ጉልበት ብቻ አይደለም የሚጨምረው፤ ለብዙ ናይትሮሜቴን ያልተሠራ ሞተር ያለ ጊዜው ይቀጣጠልና ካንዴላውን ያቃጥላል፤ ፒስተኑንም ይጎዳል። በአውሮፓ ለድሮ ሞተሮች ለረጅም ጊዜ ያገለገለው 80 በመቶ ሜታኖልና 20 በመቶ የጉሎ ዘይት ብቻ ያለው ውህድ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በክብደት ከ16 በመቶ በላይ ናይትሮሜቴን ያለው ነዳጅ ያለ ፈቃድ ለግለሰብ መሸጥ ስለተከለከለ፣ እዚያ የምትኖሩ ወላጆች ከፍ ያለውን መፈለግ አይኖርባችሁም።

ሱቅ ያለው ነዳጅ ዘይቱ ካነሰ መጨመር ይቻላል። 20 በመቶ ዘይት ያለውን አንድ ሊትር ነዳጅ ወደ 25 በመቶ ለማድረስ 67 ሚሊ ሊትር የጉሎ ዘይት ይበቃል። ወደ 28 በመቶ ለማድረስ 110 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጨመራል። ነዳጁ 18 በመቶ ብቻ ካለውና 25 ከፈለጉ 93 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ልጆች ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ቢሠሩት ጥሩ የሒሳብ ልምምድ ነው፤ መቀላቀሉ ግን የትልቅ ሰው ሥራ ይሁን።

የጉሎ ዘይቱ የተጣራና ምንም ያልተጨመረበት ይሁን። ከፋርማሲ የሚገዛው ንጹሕ የጉሎ ዘይት ይሆናል፤ ለፀጉር ተብሎ ሽቶና ሌላ ቅባት የተደባለቀበት ግን አይሆንም። በቤት የተጨመቀም አይመከርም፤ ሙጫና ውኃ ይቀርበታል። ከሁሉም በላይ የጉሎ ፍሬው ራሱ ሪሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ አለው። ልጆች ፍሬውን እንዳያኝኩ መከልከል ሞተር ኖረም አልኖረም የየቤቱ ሥራ ነው።

ለዲዝሉ፦ ናፍጣ አይደለም

ስሙ ዲዝል ስለሆነ ናፍጣ መጨመር የተለመደ ስህተት ነው። የሞዴል ዲዝል የሚጠጣው ኤተር፣ ላምባና የጉሎ ዘይት ነው። ጥንታዊው ልክ ከሦስቱም እኩል እኩል ነው፤ ለአሮጌ ሞተር እስከ ዛሬ የሚያስተማምን ነው። ኤተሩ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚቀጣጠል ሞተሩን ያስነሳል፤ ላምባው ጉልበት ይሰጣል፤ ጉሎው ይቀባል። ኤተሩ ሌላም ሥራ አለው፤ እርስ በርስ በደንብ የማይስማሙትን ላምባና ጉሎ ያዋህዳቸዋል።

ይሁን እንጂ ኤተር በቤት የሚያዝ ነገር አይደለም። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል፤ ሳሎን ውስጥ ቡና እየተፈላ ከሆነ ከሌላ ክፍል ተነስቶ እስከ ከሰሉ ሊደርስ ይችላል። ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ኤተር ደግሞ ሲነካ የሚፈነዳ ፐሮክሳይድ ያበጃል። ከሞተሩ ጋር በአሮጌ ቆርቆሮ ወይም ጠርሙስ ያለ የዲዝል ነዳጅ ካገኛችሁ፣ በተለይ አፉ ላይ ነጭ ብናኝ ከታየ፣ አትክፈቱት፤ አታንቀሳቅሱትም፤ ኬሚካል የሚያውቅ ሰው ይጠራ።

የተጣበቀውን በጉልበት አይክፈቱ

ከሳጥን የወጣ አሮጌ ሞተር ብዙውን ጊዜ አይዞርም። ይህ ማለት ሞቷል ማለት አይደለም፤ የደረቀ ጉሎ ነው የያዘው። ፒንሳ ይዞ ፕሮፔለሩን መጠምዘዝ ቢየላውን ያጣምማል። መፍትሔው ሙቀት ነው። ነዳጅ እንደሌለበት ካረጋገጡ በኋላ በፀጉር ማድረቂያ ሲሊንደሩን ደጋግሞ ማሞቅ፣ ቀጥሎም በጭስ ማውጫውና በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት መጨመር ነው። ከዚያ በእጅ ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስ። ዛሬ እምቢ ካለ ነገ ይደገማል። ለወጥና ለሻይ በሚያገለግል ድስት ውስጥ መዘፍዘፍ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የቀረ ሜታኖልና የሞተር ቆሻሻ ምግብ ውስጥ ይገባል።

ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት

ሜታኖል ከሚታወቁት መርዞች አንዱ ነው። በሐሰተኛ መጠጥ ሰው ዓይኑ ጠፋ፣ ሞተም ሲባል የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ፎርማልዲሃይድና ፎርሚክ አሲድ ይለወጣል፤ የዓይን ነርቭንም ያጠፋል። ለትንሽ ልጅ ጥቂት ጉንጭ እንኳ ለሕይወት ያሰጋል። በቆዳና በትንፋሽም ይገባል። ክፉ የሚያደርገው ደግሞ ምልክቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው፤ ልጁ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ቀን ድረስ ደህና ሊመስል ይችላል።

የሞዴል ነዳጅ ብዙ ጊዜ ሮዝ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ይጨመርበታል። በውኃ ፕላስቲክ ከተቀዳ ልጅ ጭማቂ ነው ብሎ ይጠጣዋል። ስለዚህ ከፋብሪካው ዕቃ ወደ ሃይላንድ መገልበጥ የተከለከለ ይሁን። ነዳጁ በራሱ ዕቃ፣ ተቆልፎ፣ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። ልጅ ቀምሷል ብለው ከጠረጠሩ ምልክት አይጠብቁ፤ አያስታውኩት፤ ወተትም አያጠጡት፤ ነዳጁን ከነዕቃው ይዘው ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ቶሎ ለደረሰ መድኃኒት አለው።

ሌላው የእሳቱ ጠባይ ነው። የሜታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም። ሞተሩ ላይ ያለው አየር የሚንቀጠቀጥ ከመሰለና ፕላስቲክ መቅለጥ ከጀመረ እሳት አለ ማለት ነው። ሜታኖል ከውኃ ጋር ስለሚዋሃድ ብዙ ውኃ ያጠፋዋል፤ የቤንዚንና የኤተር እሳት ላይ ግን ውኃ አይደፋም፤ የደረቀ አሸዋ ወይም የእሳት ማጥፊያ ይሻላል።

ከውጭ ለሚመጡ ዘመዶችም አንድ ምክር አለ። ነዳጅ በየትኛውም ሻንጣ ወደ አውሮፕላን አይገባም። ነዳጅ የነካው ሞተርም ሽታው ካልጠፋ ሊከለከል ይችላል። የሚላከው ታጥቦ የደረቀው ሞተር ብቻ ይሁን።

ሲነሳና ሲያርፍ

ሞተሩ በጠንካራ እንጨት ላይ በብሎን ይታሰር። ልጆች ከፕሮፔለሩ ፊትም ሆነ ከጎኑ ሳይሆኑ ከኋላው ይቁሙ፤ ሁሉም መነጽር ያድርግ። ፕሮፔለሩ በጣት ሳይሆን በወፍራም ዱላ ይመታ። ነዳጁ መጀመሪያ በዝቶ ይግባ፤ ከኋላው ነጭ ጭስ ይታይ፤ ድምፁም የተንተባተበ ይሁን። አሮጌ ሞተር በመጀመሪያው ቀን ጩኸቱ እስኪቀጥን ድረስ ነዳጅ ከተቀነሰበት ያ የመጨረሻው ቀኑ ሊሆን ይችላል።

ሲያበቃ ቋቱ ባዶ እስኪሆን ይሥራ። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት አስገብቶ በእጅ ማዞር ነው። ሜታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፤ የተቃጠለውም አሲድ ያስቀራል፤ ሳይቀቡ የተዉት ሞተር በዝናብ ወር ይዝጋል። እዚህ የጉሎ ዘይት አይጠቀሙ፤ ደርቆ ያጣብቃል። የነዳጁ ክዳንም ጠብቆ ይዘጋ፤ ውኃ የሳበ ነዳጅ ሞተሩን አያስነሳም።

ትክክለኛው ነዳጅ አገር ውስጥ ካልተገኘስ? መልሱ አለማስነሳት ነው። ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ሞተር ሌላ ሃምሳ ዓመት ይጠብቃል። ልጁም በእጁ ፕሮፔለሩን እያዞረ ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ፣ አየሩ ሲታመቅ ይማራል። ይህን ለማየት አንዲት ጠብታ ነዳጅ አያስፈልግም።

ቆርጠው የሚያስቀምጡት

አናቱ ላይ ባለ ብልጭታ ካንዴላ ከነፑንቲናው ካለ፦ ሦስት እጅ ቤንዚን፣ አንድ እጅ ወፍራም የማዕድን ዘይት።

አጭር ካንዴላ ከነተጠቀለለ ሽቦው ካለ፦ ሜታኖል፣ ጥቂት ናይትሮሜቴን፣ ከ20 እስከ 28 በመቶ ዘይት፤ ከዘይቱ ቢያንስ ግማሹ ጉሎ።

ካንዴላ የሌለው፣ ከላይ የሚዞር ብሎን ያለው ከሆነ፦ ኤተር፣ ላምባና ጉሎ እኩል እኩል፤ ናፍጣ በፍጹም።

ወገኑ ካልታወቀ፦ አይሞላ፣ አይነሳ፤ ፎቶ አንስቶ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ይቀድማል።

ነዳጁ ሁልጊዜ፦ በራሱ ዕቃ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ተቆልፎ፣ ከልጅ እጅና ከእሳት ርቆ።